ፊደል ገበታውን በቃሉ ይወጣዋል፣ ቃል ሲሰጡት ግን ይገምታል

እህቴ፣ 2ኛ ክፍል ያለው የ8 ዓመት ልጅሽ ከሀ እስከ ፐ በቃሉ እየወጣው ቃል ላይ ሲደርስ እንደሚገምት፣ መምህሩም «ሰነፍ ነው» እንዳሉሽ ጽፈሽ፣ ዲስሌክሲያ (ፊደልን ከድምፅ አገናኝቶ ማንበብን የሚያከብድ የንባብ ችግር) ይሆን ወይ ብለሻል። ሊሆን ይችላል። ገበታውን መወጣቱ ግን አያዘናጋሽ፤ «ሀ ሁ ሂ ሃ» ዜማ ነው፣ ዜማ ደግሞ በጆሮ ይያዛል።

20 ፊደላት ከተለያየ ረድፍ መርጠሽ በቁርጥራጭ ወረቀት ጻፊና በውዢ፦ ሉ፣ ቤ፣ ሶ፣ ቲ፣ ኒ… አንድ በአንድ አሳዪው። ቤን ሲያይ «በ ቡ ቢ ባ ቤ» እያለ በሹክሹክታ የሚደርስበት ከሆነ ፊደሉን አላወቀውም፣ ቦታውን ነው የቆጠረው። ቀጥሎ ትርጉም የሌላቸው ቃላት ስጪው፦ «ቢሎፋ»፣ «ዴኩጋ»፣ «ሙጌሶ»። እነዚህን መገመት አይቻልም። በመጨረሻ ያለ ወረቀት፦ «ሰማይ» ከሚለው «ሰ» ሲወጣ ምን ይቀራል? በዚህ ዕድሜ ይህ ካስጨነቀው ችግሩ ያለው ድምፅን ከድምፅ መነጠሉ ላይ ነው። የዲስሌክሲያ ሥሩም በአብዛኛው እዚያው ነው፤ ከብልህነት ጋር አይገናኝም።

ተረት አንብቢለትና ጥያቄ ጠይቂው። በጆሮው ሰምቶ ጥሩ ከመለሰ፣ ራሱ ሲያነብ ግን ከጠፋው፣ ዲስሌክሲያን የሚያስጠረጥረው ይህ ልዩነት ነው። በጆሮውም ካልገባው መስሚያውንና የቋንቋ ዕድገቱን አስመርምሪ። ዓይኑንም እንዲሁ፣ ከሁሉ አስቀድመሽ። በቤተሰብ ይወርዳልና አባቱ ወይም አጎቱ በንባብ ተቸግረው እንደሆነ ጠይቂ።

ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ አንዱን ቃል እላይ መስመር ላይ በትክክል አንብቦ ከሦስት መስመር በኋላ ይሳሳትበታል። መምህራን ስንፍና የሚሉት ይህንን ነው፤ ቃሉ ግን በዓይኑ አልተለመደም፣ በየጊዜው እንደ አዲስ ይፈታዋል። «ቤት»ን «ባት» ማለትም እንዲሁ ነው፦ ተነባቢው ተይዟል፣ አናባቢው አምልጧል። «ገና»ን አጥብቆ ወይም አላልቶ ቢስት ግን አትቁጠሪበት፣ ጽሑፋችን ማጥበቂያ ምልክት የለውም። ፊደል ገልብጦ መጻፍም እስከ 7 ዓመት ግድም በብዙ ልጆች ላይ ይታያል፤ ብቻውን ምልክት አይሆንም።

ልምምዱ በቀን 15 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ይሁን፤ በአንድ ጊዜ ከ3 አዲስ ፊደል አይብለጥ። ተ እና ቸን፣ ነ እና ኘን በአንድ ሳምንት አታስተምሪው፤ በመልክም በድምፅም ስለሚቀራረቡ ይደባለቁበታል። ቅጥያውን፣ ማለትም አናባቢውን ለመለየት ፊደሉ ላይ የሚጨመረውን ጭረት ወይም ቀለበት፣ በጣቱ አስነኪው፦ ወገቡ ላይ ጭረት ቡ፣ እግሩ ላይ ጭረት ቢ፣ እግሩ ላይ ቀለበት ቤ። ለ እና ሰ በዚሁ ይሄዳሉ። ረ እና ፈ ከሥርዓቱ ስለሚወጡ ለመጨረሻ አቆዪያቸው። ባለቀለም መነጽር ዲስሌክሲያን አያክምም፤ ገንዘብሽን አታባክኚ።

እንዲህ 6 ወር ሠርታችሁ ለውጡ እዚህ ግባ የማይባል ከሆነ በንባብ ችግር የሠለጠነ ባለሙያ ይመርምረው። እስከዚያው መምህሩን ሁለት ነገር ለምኚ፦ ሳይዘጋጅ በክፍል ፊት ጮክ ብሎ አያንብብ፣ የፈተና ጥያቄም ይነበብለት።