የተፎካካሪ ፓርቲ ተመራጭ በምክር ቤት ምን አለ፣ ምን ጠየቀ፣ ምን ድምፅ ሰጠ? ስለ መዝገብ አያያዝ

ጥያቄው እንዲህ የሚል ነበር፦ «ከምርጫ ክልላችን በተፎካካሪ ፓርቲ ስም የተመረጠ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል አለን። ለየትኛው አዋጅ ምን ድምፅ እንደሰጠ፣ ምን እንደተናገረና ምን እንደጠየቀ በየወሩ ለመራጩ ማሳወቅ እንፈልጋለን። ከየት እንጀምር?»

ቁርጡን ከመጀመሪያው ማወቅ ይሻላል። በእኛ ምክር ቤት ማን ምን ድምፅ እንደሰጠ በስም ዘርዝሮ በመደበኛነት ለሕዝብ የሚወጣ ሰነድ የለም። ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው። አፈ ጉባዔው የሚደግፉ፣ የሚቃወሙ፣ ድምፀ ተአቅቦ የሚያደርጉ እያለ በተራ ይጠይቃል፤ ይቆጠራል፤ ከዚያ የሚሰማው «በሙሉ ድምፅ» ወይም «በዚህን ያህል ተቃውሞ፣ በዚህን ያህል ድምፀ ተአቅቦ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል» የሚል ነው። እንግሊዝ አገር ያላችሁ የፓርላማው መዝገብ ማን በየትኛው ወገን እንደቆመ በስም ሲያወጣ ለምዳችኋል፤ እስራኤል ያላችሁም የክኔሴት አባላት ቁልፍ ተጭነው የሰጡትን ድምፅ በስም ታያላችሁ። እዚህ እንደዚያ ያለ ዝርዝር ፍለጋ ጊዜ አትፍጁ። መዝገባችሁን በንግግሩና በጥያቄው ላይ አቁሙት፤ ድምፁ በኋላ፣ የማስረጃው ጥንካሬ እየተለየ ይታከልበታል።

መጀመሪያ መለያ። እያንዳንዱ ስብሰባ የራሱ ስም አለው፤ «6ኛው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ 3ኛ ዓመት የሥራ ዘመን፣ 28ኛ መደበኛ ስብሰባ» ሲባል ሰምታችኋል። ይህንን 6/3/28 ብላችሁ ያዙት፤ ልዩ ወይም አስቸኳይ ስብሰባ ከሆነ እሱን ጨምሩበት። በቀን ብቻ የተያዘ መዝገብ ቶሎ ይምታታል። አንዱ ዜና በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ይጽፋል። በዚያ ላይ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚገባ፣ «የ2016 በጀት ዓመት» የሚባለው ገና በሐምሌ 2015 የጀመረው ነው። 6ኛው ምክር ቤት ሥራውን የጀመረው መስከረም 24 ቀን 2014 ስለሆነ 1ኛ ዓመቱ 2014፣ 3ኛ ዓመቱ 2016 እያለ ይሄዳል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት የምክር ቤቱ ዓመት ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት ይፈቀዳል፣ በተለምዶ የካቲት ነው። መደበኛ ስብሰባ አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞና ሐሙስ ይውላል። ሁለት ወቅት ላይ ሰው ጨምሩ። አንደኛው በፕሬዚዳንቱ የመክፈቻ ንግግር ላይ የሚቀርበው የድጋፍ ሞሽን (የውሳኔ ሐሳብ) ውይይት ተደርጎበት ጠቅላይ ሚኒስትሩ መልስ የሚሰጡበት ቀን ነው፤ ሁለተኛው ሰኔ ነው። ሰኔ ላይ በጀቱም፣ ሲንከባለሉ የቆዩ ረቂቆችም በአንድ ላይ ስለሚመጡ በአንድ ጠዋት ብዙ ነገር ይጸድቃል፤ ያመለጠውን በኋላ መልቀም ከባድ ነው።

አሁን ወደ ንግግሩ። ምንጫችሁ ያልተቆረጠው ቪዲዮ ይሁን፤ ምክር ቤቱ ራሱ የሚለቀው ወይም ኢቢሲ በቀጥታ ያስተላለፈው። የፓርቲ ገጾች የሚለቁት ቁራጭ ተናጋሪውን ያሳያል፣ መልሱን ግን ይቆርጣል፤ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ገጽ የሚለቀው ደግሞ መልሱን ይዞ ጥያቄውን ይጥላል። ሊንክ ይሞታል፣ ቪዲዮም ይነሳል፤ ስለዚህ ድምፁን ብቻ አውጥታችሁ አስቀምጡ። በ64 ኪሎቢት የተቀመጠ የአንድ ሰዓት ድምፅ 29 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ የአራት ሰዓት ስብሰባ 115 አካባቢ ይሆናል። በስልክ ቴሌግራም ላይ ሊቀመጥ የሚችል ነገር ነው።

አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦ 6/3/28፤ ማክሰኞ፤ አጀንዳ 2፤ ከ1:42:10 እስከ 1:46:35፤ ዓይነት፦ ጥያቄ፤ ከዚያ የተናገረው ቃል በቃል። ዓይነቱን ጥያቄ፣ አስተያየት፣ የማሻሻያ ሐሳብ፣ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ብላችሁ ለዩት። ቃል በቃል የምላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። አባሉ «ለተፈናቀሉት የተያዘው በጀት ስንት ነው? ለምንስ እስካሁን አልተለቀቀም?» ቢል፣ አንዱ ዜና «አሳሰቡ»፣ ሌላው «ተቹ»፣ ሦስተኛው «ገለጹ» ብሎ ይጽፈዋል። ሦስቱም ግሦች የጸሐፊው ናቸው። እናንተ ከዜናው ከቀዳችሁ የምትከታተሉት ተመራጩን መሆኑ ቀርቶ ዜና ክፍሉን ይሆናል። በማሽን የሚወጣ የአማርኛ ጽሑፍ የት ቦታ እንደተናገረ ለማግኘት ይጠቅማል፤ ለጥቅስ ግን አይታመንም፣ በተለይ የሰውና የቦታ ስም፣ ቁጥርም ያበላሻል። ሁልጊዜ በጆሮ አረጋግጡ።

ጥያቄ ላይ ዋናው ሥራ መልሱን ማገናኘት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሚቀርቡበት ቀን የአባላቱ ጥያቄ በተከታታይ ይቀርብና መልሱ ከዚያ በኋላ በጅምላ ለሰዓታት ይሰጣል፤ ቅደም ተከተሉም በጥያቄው አይሄድም። አንድ አባል ሲነሳ ደግሞ ሦስትና አራት ጥያቄ በአንዴ ይደረድራል። እያንዳንዱን ነጥሉት፦ 28-ሀ፣ 28-ለ፣ 28-ሐ። ከጎናቸው ከአራቱ አንዱን ጻፉ፦ ተመልሷል፣ በከፊል ተመልሷል፣ ሌላ ነገር ተመልሷል፣ ተዘሏል። «ሌላ ነገር ተመልሷል» የሚለውን ስትጽፉ የመልሱን ደቂቃ አብራችሁ ማስቀመጥ ግዴታ ነው፤ የሚያከራክረው እሱ ነውና። አንድ ሰው ብቻ ከመዘነው ወገንተኝነት ይገባበታል፤ ሁለት ሰው ለየብቻ ሞልቶት የተለያዩበትን ብቻ አብራችሁ ስሙት።

ስንት ጊዜ ተናገረ ብላችሁ ደረጃ አታውጡ። ዕድል የሚሰጠው አፈ ጉባዔው ነው። እጁን አውጥቶ ያልተሰጠው አባል በቪዲዮ አይታይም፤ ዝምታው የሱ ይሁን የመድረኩ አታውቁም።

ድምፁ ላይ ስንደርስ ሦስት የማስረጃ ደረጃ ያዙ። «ሀ» በቪዲዮ እጁ በግልጽ ሲወጣ የታየ ነው። ይህ ጥቂት ነው፤ በድምፅ ሰዓት ካሜራው ብዙ ጊዜ ከላይ አዳራሹን በሰፊው ያሳያል ወይም አፈ ጉባዔው ላይ ይቆያል። «ለ» ራሱ የተናገረው ወይም በጽሑፍ ያረጋገጠላችሁ ነው። «ሐ» ከተነገረው ቁጥር የተገመተ ነው። «ሐ» በመዝገባችሁ ውስጥ ይቀመጥ፤ ለመራጩ በሚወጣው ወረቀት ላይ ግን እንደ ድምፅ አይግባ።

ለምን እንደሆነ ከራሳችን ታሪክ ማየት ይቻላል። በ2002 ምርጫ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ሲይዙ፣ ከተቃዋሚ የገቡት መድረክ ከተባለው የፓርቲዎች ጥምረት አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ። «በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ» ሲባል እሳቸው ናቸው ማለት የሚቀል ይመስላል። ነገር ግን በግል ተወዳድረው የገቡ አንድ አባልም ነበሩ፤ ስለዚህ ያኔ እንኳ ቁጥሩ ብቻውን ስም አይሆንም ነበር። በ2013 ምርጫ ደግሞ አብን (የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ) 5፣ ኢዜማ (የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ) 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2 መቀመጫ አግኝተዋል፤ በግል የገቡም አሉ። መንግሥት ሲመሠረት ከኢዜማ ብርሃኑ ነጋ (ፕሮፌሰር) ትምህርት ሚኒስቴርን፣ ከአብን በለጠ ሞላ (ዶ/ር) ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴርን ያዙ። እንዲህ ባለ ምክር ቤት የፓርቲ ስም አይታችሁ ድምፅ መገመት አትችሉም፤ የገዢው ፓርቲ አባላትም አንዳንዴ ይቃወማሉ ወይም ድምፀ ተአቅቦ ያደርጋሉ።

ቁጥሩ ራሱም ይሳሳታል። የካቲት 23 ቀን 2010 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲጸድቅ የሆነውን አስታውሱ። ምክር ቤቱ ያኔ 539 አባላት ነበሩት፤ አዋጁ ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 360 ድምፅ ይፈልግ ነበር። መጀመሪያ የተነገረው የድጋፍ ቁጥር 346 ነበር፣ ከ88 ተቃውሞና ከ7 ድምፀ ተአቅቦ ጋር። በኋላ ድጋፉ 395 ነው ተብሎ ታረመ። 346፣ 88 እና 7 ሲደመሩ 441 ነው፤ በ395 ሲተካ 490 ይሆናል። የሁለቱ ልዩነት 49 ሰው ነው፤ አዋጁ ማለፉንና መውደቁን የሚወስን ቁጥር። ስለዚህ ሁልጊዜ ሦስቱን ደምሩና በዕለቱ ተገኙ ከተባሉት አባላት ቁጥር ጋር አስተያዩ፤ ምልዓተ ጉባዔው ሲገለጽ ቁጥሩን ወዲያው ጻፉት። ቁጥር ከታረመም ሁለቱንም ከነሰዓታቸው ያዙ፣ የፊተኛውን አትሰርዙ። ዜናዎች «በአብላጫ ድምፅ» ብለው የድምፀ ተአቅቦውን ቁጥር ስለሚተዉም ከአፈ ጉባዔው አፍ የወጣውን ስሙ።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ሌላ ቦታ አለ። ረቂቅ አዋጅ መጀመሪያ ሲቀርብ ድምፅ የሚሰጠው ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራ ወይ በሚለው ላይ ነው። «ምክር ቤቱ ረቂቁን በሙሉ ድምፅ መራ» የሚለውን አይቶ «ተመራጫችን ለዚህ አዋጅ ድጋፍ ሰጠ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፤ የሰጠው ድምፅ ረቂቁ እንዲታይ ነው። ሁለት መስመር ይኑራችሁ፣ «ምሪት» እና «ማጽደቅ»፤ ቀኖቻቸውም ይለያያሉ። በነጋሪት ጋዜጣ የምታገኙት የታተመበትን ቀን ነው፤ ስለ ድምፅ አሰጣጡ ምንም አይነግራችሁም። የዕለቱን አጀንዳና ያለፈውን ቃለ ጉባዔ ለማጽደቅ የሚሰጠውን ድምፅ ተዉት። የብድር ስምምነት ማጽደቂያዎችን ግን አትናቁ፤ በፍጥነት ያልፋሉ፣ ሰው አያያቸውም፣ የሚከፈለው ግን ከሁሉም ኪስ ነው።

የቋሚ ኮሚቴ ሥራ ትልቁ ክፍተት ነው። አባሉ በየትኛው ኮሚቴ እንዳለ ካላወቃችሁ የዓመቱን ግማሽ ሥራውን አታዩም። ከኮሚቴ የሚወጡ ዜናዎች «የቋሚ ኮሚቴው አባላት ጠየቁ» ብለው ያልፋሉ፣ ስም የለም። በስም የምታገኙት በዋና ኦዲተር የኦዲት ግኝት ላይ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የሚያካሂዳቸውን ይፋዊ ስብሰባዎች ስትከታተሉ ነው። ጋዜጠኞች ስለሚገኙ ቪዲዮ ይወጣል፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ፊት ለፊት ይጠየቃሉ።

ባዶ ቦታ ስትተዉ ምክንያቱን ጻፉ። «አልተገኘም»፣ «ተገኝቶ አልተናገረም»፣ «ቪዲዮ አልተገኘም» እና «በእስር ላይ» አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የዚያው የወጪ ቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት የአብኑ አቶ ክርስቲያን ታደለ በ2015 ክረምት ታስረዋል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት «ምንም አልጠየቁም» ብሎ የመዘገበ ሰው መራጩን አሳስቷል፤ ሰውየውንም በድሏል። ያለመከሰስ መብት ላይ ምክር ቤቱ የሚሰጠውን ውሳኔም እንደ አንድ አጀንዳ ለብቻው መዝግቡት።

«ለ» ደረጃ ማስረጃ ለማግኘት አባሉን በጽሑፍ ጠይቁት፣ ድምፁ በተሰጠ በሳምንቱ ውስጥ። «ስለ አዋጁ ምን ያስባሉ?» አትበሉ፤ ንግግር ይመልስላችኋል። «በ6/3/28 አጀንዳ 2 ላይ ሲጸድቅ ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ድምፀ ተአቅቦ ወይስ አልነበሩም?» በሉ። በአንቀጽ 54 ማንኛውም አባል በምክር ቤት በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም፤ ስለዚህ መጠየቁም መመለሱም ነውር የለውም። መልሱን ከቁጥሩ ጋር አመሳክሩ። ሦስት ተመራጮች «ተቃውመናል» ብለው አፈ ጉባዔው «በሁለት ተቃውሞ» ካለ አንዱ ተሳስቷል ወይም ቆጠራው ተሳስቷል። «አልተጣጣመም» ብላችሁ ጻፉ፣ እናንተ አትፍረዱ።

ቃለ ጉባዔውን ራሱን ከፈለጋችሁ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የመረጃ ጥያቄ ለምክር ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ማቅረብ ይቻላል። መልሱ እስከ 30 ቀን ሊወስድ ስለሚችል የወሩን ወረቀት በእሱ ላይ አታንጠልጥሉ። ጥያቄውን ጠባብ አድርጉ፤ «የዚህን አባል ንግግሮች ሁሉ» ከማለት የስብሰባውን ቁጥርና አጀንዳ ጥቀሱ። ያስገባችሁበትን ቀንና መዝገብ ቁጥር ያዙ፤ ከተከለከላችሁ አቤቱታው ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሲሄድ እሱ ያስፈልጋል።

ፍለጋ ላይ ፊደላችን ያሰቃያል። «ድምፀ ተአቅቦ»፣ «ድምጸ ተዓቅቦ»፣ «ድምጸ ተአቅቦ» ሁሉም ይጻፋሉ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ እየቀያየራችሁ ፈልጉ፤ በመዝገባችሁ ውስጥ ግን አንዱን መርጣችሁ አትለዋውጡ፣ አለበለዚያ የራሳችሁን ሰንጠረዥ ስትፈልጉ ግማሹ አይመጣም። «ተቃዋሚ» እና «ተፎካካሪ»ንም ሁለቱንም ሞክሩ፤ ከ2010 በኋላ የመንግሥት ሚዲያ ሁለተኛውን ይመርጣል፣ የቆየው ዜና ግን በመጀመሪያው ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤትና የክልል ምክር ቤት ዜና ደግሞ ተቀላቅሎ ይመጣል፤ «ምክር ቤቱ» ብቻ የሚል ርዕስ ካያችሁ የትኛው እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትመዝግቡ።

የወሩን ወረቀት ከማውጣታችሁ ከሦስት ቀን በፊት ረቂቁን ለአባሉ ላኩለት። የሚያርመው የደቂቃ ወይም የቃል ስህተት ከሆነ ቪዲዮውን አይታችሁ አስተካክሉ። «እንዲህ ማለቴ ነበር» ካለ ግን የተናገረውን አትንኩ፤ ከሥሩ «የአባሉ ማብራሪያ» ብላችሁ ከነቀኑ አስቀምጡለት።