ሞተሩን ሳይሆን ማርሹን ቀይሩ

ጥያቄያችሁ ባጭሩ ይህ ነው። ሮቦቶች እየተገፋፉ አንዱ ሌላውን ከመድረክ ለሚያስወጣበት የሱሞ ውድድር 3 ኪሎ ሮቦት ሠርታችኋል፤ በ12 ቮልት በደቂቃ 1000 ጊዜ የሚዞሩ ሁለት ባለ 37 ሚሊሜትር ሞተሮች፣ 6 ሳንቲሜትር ጎማ፣ ባለ 3 ሴል ሊፖ ባትሪ አለው። ብቻውን ሲሆን ይበራል፣ ተጋጣሚ ሲነካ ግን ቆሞ ያቃስታል፤ ለሞተሮቹ ከረንት የሚያቀብለው ድራይቨር ይግላል፣ ሮቦቱን የሚያዝዘው ሰሌዳ አርዱይኖውም ጠፍቶ ይነሳል። ካርቦን (ብሩሽ) ወደሌለው ሞተር፣ ወደ ብራሽለስ እንቀይር ወይ ብላችኋል።

አትቀይሩ። «ብቻውን ይበራል፣ ሲነካ ያቃስታል» የምትለዋን ሳነብ ነገሩ ገባኝ፤ ዳገት በአራተኛ ማርሽ እየወጣችሁ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ባትሪው። በላካችሁት ፎቶ ላይ አንድ ጎኑ አብጧል። ያበጠ ሊፖ ቻርጅ አይደረግም! ነቅላችሁ አሸዋ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከቤት ውጭ አስቀምጡት።

ወደ ሞተሩ ልመለስ። ጎማው መሬት ደህና ከያዘ 3 ኪሎ ሮቦት በ3 ኪሎ ገደማ ይገፋል። የጎማው ራዲየስ 3 ሳንቲሜትር ስለሆነ በድምሩ 9፣ ለእያንዳንዱ ሞተር 4.5 ኪሎ-ሳንቲሜትር የመጠምዘዝ ጉልበት ይደርሰዋል። የእናንተ ዓይነት ሞተር በ10 ለ 1 ማርሽ (ሞተሩ 10 ሲዞር ጎማው 1 በሚዞርበት)፣ ጨርሶ ሲቆም እንኳ የሚያወጣው 5 ቢሞላ ነው። ያው ሞተር በ30 ለ 1 ማርሽ 330 ዙር ብቻ ይዞራል፣ ጉልበቱ ግን ወደ 14 ይደርሳል። ሲገፋ ጎማው ይንሸራተት እንጂ ሞተሩ አይቁም፤ ሱሞ ላይ ሞተር የሚመረጠው በዚህ ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቱ 154 ሳንቲሜትር ለሆነ መድረክ ይበቃል።

ይህን ደግሞ በደንብ ያዙት። ሞተር ሲዞር ራሱም ቮልቴጅ ያመነጫል፤ የሚያመነጨውም ባትሪውን ይቃወማል። በሙሉ ፍጥነት ሲዞር ሁለቱ ሊተካከሉ ምንም አይቀራቸው፣ ስለዚህ የሚሳበው ከረንት ጥቂት ነው። ሲቆም ግን የሚቃወም የለም፤ የቀረው የጥቅሉ ሽቦ 2.2 ኦም ብቻ ነው። 12ን ለ2.2 ስታካፍሉ 5.5 አምፔር ገደማ፣ 66 ዋት ማለት ነው። ምንም ስለማይንቀሳቀስ ሁሉም ሽቦው ላይ ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ ደግሞ ከከረንቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። በ30 ለ 1 ማርሽ ያንኑ ግፊት ስትገፉ ሞተሩ የአቅሙን ሲሶ ስለሚሠራ ከ2 አምፔር ብዙም አያልፍም።

ድራይቨሩ ኤል 298 ኤን ነው፤ በአንድ መስመር 2 አምፔር ቢችል ነው፣ ከባትሪው ላይም 2 ቮልትና ከዚያ በላይ ራሱ ይበላል። እሱ ላይ ፋን የገጠመላችሁ ሰው ገንዘባችሁን ነው ያባከነው። የባሰው ግን ፊውዙን አውልቆ በሽቦ ማገናኘቱና መጋጠሚያውን በናስትሮ መጠቅለሉ ነው! ባትሪውን ያሳበጠው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ቢቲኤስ 7960 ሁለት ግዙ፣ ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ። 43 አምፔር የሚለውን ጽሑፍ አትመኑት፤ ርካሾቹ ወደዚያ አይጠጉም፣ ለ5.5 ግን ይበቃሉ። አርዱይኖውን ከድራይቨሩ 5 ቮልት አትመግቡት፣ ቮልቴጁን የሚያስተካክልለት የራሱ ሬጉሌተር ይኑረው።

ባለ 30 ለ 1 ማርሹን ሞተር ስትገዙ ተለጣፊውን ብቻ አትዩ። ከኋላ የወጣችውን ዘንግ በጣት እያዞራችሁ የፊተኛው አንድ ዙር እስኪሞላ ቁጠሩ፤ 30 ተብሎ የተሸጠ ብዙ ጊዜ 30 አይሆንም። የማርሹ ጥርስ ፕላስቲክ ከሆነ መልሱት።

ብራሽለስ መጥፎ ነው አላልኩም። በአሜሪካው የተማሪዎች የሮቦት ውድድር፣ በፈርስት፣ ሲም የሚባለው ባለ ካርቦን ሞተር 1.3 ኪሎ ገደማ ሲመዝን፣ ብራሽለሱ ኒዮ ከግማሽ ኪሎ በታች ሆኖ በጉልበት አያንስም። ኒዮ ግን የሮተሩን (የሚዞረውን ክፍል) ቦታ የሚነግር ሴንሰር አለው። ገበያ ላይ የምታገኙት የድሮን ሞተር የለውም፤ ቆሞ ሲገፋ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይነሳም። ሱሞ ደግሞ ቆሞ መግፋት ነው።

10 አምፔር ፊውዝ ባትሪው ፕላስ አጠገብ አስገቡ። መጀመሪያ ስትሞክሩት ጎማዎቹ ከመሬት ይነሱ። አዲስ ባትሪ እስኪመጣ ጠብቁ፤ ያበጠውን «ለሙከራ ብቻ» ብላችሁ እንዳትሰኩት።