ጂኦግራፊ ተመድበሽ «ልቀይር ወይ?» ላልሽው

እህቴ፣ «ጂኦግራፊና አካባቢ ጥናት ደረሰኝ፣ ከመምህርነት ሌላ ሥራ የለውም ይሉኛል፣ ልቀይር ወይ?» ብለሻል። አትቀይሪ። ግን ዲግሪው ብቻውን አያስቀጥርሽም፤ የሚያስቀጥርሽ ካርታ ሠርተሽ ስታሳዪ ነው። ማስተማር ከፈለግሽ ከዲግሪው በላይ ፒጂዲቲ (የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ) ይጠይቁሻል፤ ስለ እሱ የሚነግርሽ ሞልቷል፣ እኔ ሌላውን ልንገርሽ።

1. ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ኪውጂአይኤስ የሚባለውን የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር ኮምፒውተርሽ ላይ ጫኚ። ነፃ ነው። የሚከፈልበትን አርክጂአይኤስ ቁልፉ ተሰብሮ ከሰው ፍላሽ እየገለበጡ ቫይረስ መልቀም ምን ይሉታል?

2. ዳተም፣ ማለትም የካርታው የቦታ ቁጥር ከምን ተነሥቶ እንደሚለካ የሚወስነው መነሻ። ተመራቂው ሁሉ የሚወድቅባት እቺ ናት። የአገራችን የቆዩት 1፡50,000 ካርታዎችና በየቢሮው ያሉ ብዙ ፋይሎች አዲንዳን በሚባለው የድሮ ዳተም የተሠሩ ናቸው። ስልክሽ ደግሞ የሚያነበው ጂፒኤስ በሚጠቀምበት ዳተም፣ በደብልዩ ጂ ኤስ 84 ነው። አዲስ አበባ አካባቢ የሁለቱ ቁጥር ወደ ሰሜን በ200 ሜትር ገደማ፣ ወደ ምሥራቅ በ90 ሜትር ገደማ ይለያያል። የአዲንዳኑን ፋይል እንደ ደብልዩ ጂ ኤስ ከከፈትሽው የገበሬው ማሳ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተንሸራቶ ጎረቤቱ ላይ ወይም ወንዝ ውስጥ ያርፋል። ካርታው ግን ያምራል፤ ጉዱ እሱ ነው። በዚያ ካርታ ካሳ ቢሰላ ምን እንደሚመጣ አስቢው።

ማስተካከያው ቀላል ነው፣ ግን ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚሁ ነው። ኪውጂአይኤስ ላይ «ሴት ሲአርኤስ» የሚለው ትእዛዝ የሚቀይረው ፋይሉ በየትኛው ዳተምና ዞን እንደተሠራ የሚናገረውን ስያሜ ብቻ ነው፤ ቁጥሩን አይነካም። መጀመሪያ ፋይሉ በእውነት አዲንዳን ከሆነ 20137 (የአዲንዳን መለያ ቁጥር) ብለሽ ስሙን ስጪው። ቀጥሎ በ«ኤክስፖርት» 32637 (የደብልዩ ጂ ኤስ 84 መለያ ቁጥር) መርጠሽ እንደ አዲስ ፋይል አስቀምጪ። ከዚያ የሳተላይት ምስል ላይ ጫኚና የመንገድ መገናኛ ወይም የአንድ ክብ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ገጥሞ እንደሆነ እዪ። ሁለቱም መለያ ቁጥሮች ለካርታ ሥራ ዓለም ከተከፈለችባቸው ዞኖች የዞን 37 ናቸው፤ ዞኑ ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ያለውን ይሸፍናል። ጋምቤላ ከተማ ዞን 36 ውስጥ ናት፣ ጅግጅጋ ዞን 38 ውስጥ፤ ለእነሱ መለያ ቁጥሩ ሌላ ነው። የእጅ ጂፒኤስ ከተዋስሽም ሴቲንጉ ውስጥ ዳተሙን ሳታዪ ነጥብ አትያዢ፤ ከአንቺ በፊት የያዘው ሰው በምን እንደተወው አታውቂም። ደግሞም በጥቂት ሜትር የሚስት መሣሪያ ስለሆነ ለ200 ካሬ ሜትር የከተማ ቦታ ወሰን አይሆንም።

3. ደብዳቤ። የዝናብ መረጃ ለመውሰድ ስትሄጂ «ለጥናቷ ትብብር ይደረግላት» የምትል ደብዳቤ ይዘሽ ከቀረብሽ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይሽ «አስተካክለሽ ነገ ነይ» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ነገ ስትመጪ ደግሞ ስብሰባ ገብቷል። ስለዚህ ከትምህርት ክፍሉ ስታጽፊ የጣቢያዎቹ ስም፣ ከስንት ዓመተ ምሕረት እስከ ስንት፣ ዕለታዊ ይሁን ወርኃዊ፣ አንድ በአንድ ይጻፍልሽ። ካርታ ከሆነ የሉሁን ቁጥር ጨምሪ። መረጃው እጅሽ ሲገባ ባዶዋን ሳጥን ዜሮ ብለሽ እንዳትሞዪ፤ ባዶ ማለት አልተለካም ማለት ነው፣ ዝናብ አልነበረም ማለት አይደለም።

ሥራ ወዳለበት እንምጣ። የገጠርና የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ፣ ካዳስተር (የይዞታ ወሰን ካርታና መዝገብ)፣ የስታቲስቲክስ የቆጠራ ካርታ፣ የዕርዳታ ድርጅቶች የመረጃ ክፍል። የመጨረሻው ጥሩ ይከፍላል፣ ፈተናው ግን የወረዳ ስም ነው። ወልዲያን አንዱ ኤክሴል በላቲን ፊደል በ«ኢ»፣ ሌላው በ«ኦ» ይጽፋታል፤ በስም ካገናኘሽ ግማሹ ወረዳ ካርታው ላይ ባዶ ይቀራል። ለዚህ ነው ኦቻ (የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ዕርዳታ ማስተባበሪያ) ያወጣው ፒ ኮድ፣ ማለትም የየቦታው መለያ ቁጥር ያለው፤ በእሱ አገናኚ። ይህን በተግባር ፈተና ላይ ያሳየ ልጅ ሰርተፍኬት ከደረደረው ይቀድማል፣ በዚህ ማንም አይከራከረኝም።

የምታሳዪው ሥራ ከሌለሽ የበሰቃ ሐይቅን ያዢ፣ መተሐራ አጠገብ ያለውን። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ዛሬ ከ40 አልፏል፤ መንገዱንም የሸንኮራ እርሻውንም ሲገፋ ኖሯል። ላንድሳት የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ምስል እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በነፃ አለ። ሁሉንም የጥር ወር አድርጊው። የክረምቱን ደመና ትሸሻለሽ፣ ደግሞም መስከረምን ከሚያዝያ እያወዳደሩ «አረንጓዴው ጠፋ» ከማለት ትድኛለሽ (ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ በዚህ ተበላሽቷል!)። እ.ኤ.አ. ከ2003 አጋማሽ በኋላ ያለውን ላንድሳት 7 ተዪው፣ ምስሉ የተሸነታተረ ነው። ለአዲሱ ዘመን አንዷ ነጥቡ 10 ሜትር የሆነችውን የአውሮፓ ሳተላይት ሴንቲኔል 2 ምስል ውሰጂ።

አንድ የሚያናድድ ነገር ቀረ። የሥራ ማስታወቂያው «ጂአይኤስ (የካርታ መረጃ በኮምፒውተር)፣ ሰርቬይንግ ወይም ተዛማጅ» ይልና መዝጋቢው «ጂኦግራፊ ተዛማጅ አይደለም» ብሎ ወረቀትሽን ይመልሳል። አትጨቃጨቂ፣ ትራንስክሪፕትሽን አውጪ። ጂአይኤስ፣ ሪሞት ሴንሲንግ (የሳተላይት ምስል ማንበብ) እና ካርቶግራፊ (ካርታ ሥራ) የሚሉትን ኮርሶች ከነክሬዲታቸው አስምረሽ ከማመልከቻው ጋር አያይዢ፤ እንቢ ካለም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥሽ ጠይቂ።