የዘፈኑን ውል ለብቻው አድርጊው

የኔ ልጅ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነሽ። ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ስትተውኚ ያዩሽ ሰዎች አዲስ አበባ ለሚቀረጽ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ መርጠውሻል። የመግቢያውን ዘፈንም አንቺው እንድትዘፍኚው ይፈልጋሉ። ውሉ የሦስት ዓመት ነው። ለዘፈኑ ግን ክፍያ የለም፤ «ስም ታገኚበታለሽ» ብለውሻል። አባትሽ ደግሞ «ከቤቴ አዝማሪ አይወጣም» ብለዋል። አንቺ የጠየቅሽኝ ትምህርቴን ልተወው ወይ ብለሽ ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ውሉ ነው።

በሃያ ዓመቴ እዚሁ ባሕር ዳር በኪነት ቡድን እዘፍን ነበር። ካሴት እናውጣልሽ አሉኝ። ወረቀት ዘረጉልኝ፤ ከደስታዬ ብዛት ሳላነብ ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ ዘፈኔን ሻይ ቤቱም፣ ሐይቁ ዳር ያለው መዝናኛም ሲያጫውተው እሰማ ነበር። ከመጀመሪያዋ ትንሽ ብር ወዲህ ግን አምስት ሳንቲም አልደረሰኝም። ልጠይቅ ስሄድ ፊርማዬን አሳዩኝ። ቅጂው እንኳ በእጄ አልነበረም። ሂሳብ ተማርኩና ለዓመታት ሂሳብ ሠራተኛ ሆንኩ። ሁለት ወንድሞቼን ያስተማርኩት በዚያ ደሞዝ ነው።

ዛሬ ሕጉ ካንቺ ጋር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተዋናይንም ዘፋኝንም «ከዋኝ» ይላቸዋል። ድምፅሽን መቅረጽም ሆነ የተቀረጸውን ማባዛት ያንቺን ፈቃድ ይጠይቃል። በፊርማሽ አሳልፈሽ ከሰጠሽው ግን አበቃ። ስለዚህ ትወናው አንድ ውል፣ ዘፈኑ ሌላ ውል ይሁን። ዘፈኑ ዩቲዩብ ላይ ሲጫን ገቢው የማን ነው? ድራማው በድጋሚ ሲተላለፍስ? በሦስቱ ዓመት ውስጥ ሌላ ሥራ መሥራት ትችያለሽ? የአዲስ አበባ ማደሪያሽንና ትራንስፖርትሽን ማን ይችላል? ክፍያው በክፍል ነው ወይስ በቀረጻ ቀን? መልሱ ወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ የለም ማለት ነው። የምትማሪው ሂሳብ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል፤ ቁጭ ብለሽ አስዪው።

አባትሽን አከብራቸዋለሁ። ግን ሠርጋቸውን ማን አደመቀላቸው? ጎጃም ውስጥ ማሲንቆ ያልገባበት ድግስ የታል? አስናቀች ወርቁ የሴቱን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ይጫወቱት በነበረበት ዘመን መድረክ ላይ ወጥታ ተውናለች፤ ክራሯን ይዛም ዘፍናለች። እሷንም ይንቋታል? የታናናሾችሽን የትምህርት ቤት ክፍያ ከድራማው ብር እንድትከፍዪ እንደሚጠብቁም ጽፈሻል። ሙያውን እየሰደቡ ገንዘቡን መጠበቅ ትክክል አይደለም። በአክብሮት፣ ግን ሳትፈሪ ንገሪያቸው። የመጀመሪያው ዓመት ክፍያሽ ላንቺው ኑሮ እንኳ ላይበቃ ይችላል።

ትምህርቱን አትተዪ። ቀረጻው በክረምት እንዲሆንልሽ ጠይቂ። የግድ ካልሆነ ዊዝድሮው (ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ) ሞልተሽ ውጪ እንጂ ዝም ብለሽ አትጥፊ፤ መመለሻሽ ይዘጋል።

የጎጃም አነጋገርሽን ለመቀየር አትድከሚ፤ የመረጡሽ እሱን ሰምተው ነው።

ውሉን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። እስክንነጋገር ድረስ እንዳትፈርሚ።