ከባሕር ኃይል የአየር ትንበያ ሥራ ለሚወጣ ሰው ውጭ ላይ ምን አለ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። በአሜሪካ ባሕር ኃይል የአየር ትንበያ ሙያ፣ እኛ ኤጂ በምንለው፣ 6 ዓመት ልትሞላ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ትወጣለህ። ዲግሪ የለህም። ባለቤትህ ከቨርጂኒያው ኖርፎክ ወጥተን ዘመድ ወዳለበት ሜሪላንድ እንግባ ትላለች። «በዚህ ሙያ ውጭ ላይ እንጀራ ይበላል ወይ?» ነው ያልከው። እስካሁን ከመለሱልህ ግማሹ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) አውጥተህ ትራክ ንዳ፣ ግማሹ አይቲ ተማር ብለውሃል። ክፋት የለውም፣ የሚያውቁትን ነው የነገሩህ። እኔ ግን ከዚያው ሙያ የወጣሁ ነኝ፣ አሁን አየር መንገድ ውስጥ ዲስፓቸር፣ ማለትም በረራ የሚያቅድ ሰው፣ ሆኜ እሠራለሁ። ትንሽ ባስረዝመው ታገሰኝ።

ይበላል። ግን ውጭ ላይ መጀመሪያ የሚጠይቁህ ስንት አውሎ ነፋስ እንደተከታተልክ አይደለም፣ የትኛውን ኮርስ እንደወሰድክ ነው።

የብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ሜትሮሎጂስት ለመሆን መደቡ 1340 ይባላል። 24 ክሬዲት ሜትሮሎጂ ይጠይቃል፣ ከዚያ ውስጥ 6ቱ ዳይናሚክስና ቴርሞዳይናሚክስ፣ 6ቱ ደግሞ የአየር ሁኔታ ትንተናና ትንበያ። በላዩ ላይ ፊዚክስ አለ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን አለ፣ እሱ ጋ ለመድረስ ደግሞ ካልኩለስን መጨረስ ነው። ልምድህን ከትምህርት ጋር ደምረው የሚቀበሉበት መንገድም አለ፣ ግን እሱም ቢሆን ኮርሶቹን አያስቀርልህም። ኪስለር፣ የአየር ትንበያ ማሠልጠኛው ጋ፣ የተማርነው ጥሩ ትምህርት ነው፣ ጄኤስቲ በሚባለው የውትድርና ትምህርት ትራንስክሪፕትህ ላይ ይወጣል፣ ኮሌጁ ከፈቀደ የተወሰነውን ክሬዲት ይይዝልሃል። ዳይናሚክስን ግን አይተካም። ብዙ ልጆች የሚናደዱት እዚህ ላይ ነው። ለአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ትንበያ ስሰጥ የነበርኩ ሰው ለአንድ ካውንቲ ዝናብ መተንበይ ያቅተኛል እንዴ ይላሉ። አያቅትህም። መዝገቡ ግን የሚያየው ኮርስ ነው።

ዲግሪ የማይጠይቀው 1341 ነው፣ የሜትሮሎጂ ቴክኒሺያን። እዚህ ልምድህ ብቻውን ይበቃል። ችግሩ ቦታው ጥቂት ነው፣ ማስታወቂያውም ቶሎ ይዘጋል። በዚያ ላይ አገልግሎቱ በ2025 በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች አጥቷል፣ በኋላ መልሶ እንዲቀጥር ቢፈቀድለትም። ስለዚህ ተስፋህን ሁሉ እዚያ ላይ አትጣል፣ ማመልከቱን ግን አትተው። የዘመቻ ሜዳልያ ካለህ የቬተራን 5 ነጥብ ታገኛለህ፣ ቪኤ (የቬተራኖች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ከአገልግሎት የመጣ ጉዳት እንዳለብህ ካጸደቀልህ 10 ይሆናል። ፌዴራል ከገባህ ደግሞ የውትድርና ዓመታትህን ለጡረታ መግዛት ትችላለህ። በውትድርና ታገኘው ከነበረው መሠረታዊ ደሞዝ 3 በመቶ ነው የምትከፍለው፣ ቶሎ ከጨረስክ ወለድ የለውም። ይህን ሳያውቅ ዓመታት የሚያሳልፍ ሰው ብዙ ነው።

አሁን ወደ እኔ መንገድ ልምጣ፣ ማንም አላነሳልህምና። ትልልቆቹ አየር መንገዶች እያንዳንዱን በረራ መሬት ላይ ሆኖ የሚያቅድ ሰው አላቸው። መስመሩን፣ ነዳጁን፣ አማራጭ ማረፊያውን ያወጣል፣ በሕግም ከካፒቴኑ ጋር በጋራ ተጠያቂ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፣ ኤፍኤኤ ነው፣ ዕድሜህ 23 መሙላት አለበት፣ የጽሑፍና የተግባር ፈተና አለው። አብዛኛው ሰው ቢያንስ 200 ሰዓት የሚፈጅ ኮርስ ወስዶ ነው የሚፈተነው። አንተ ግን የኤፍኤኤን ደንብ 65.57 ቁጭ ብለህ አንብበው። ከማመልከትህ በፊት ባሉት 3 ዓመታት ውስጥ በድምሩ 2 ዓመት በወታደራዊ የአውሮፕላን ሥራ ላይ ሜትሮሎጂስት ሆነህ ከሠራህ፣ ያለ ኮርስ ለፈተና መቅረብ ይቻላል ይላል። ሒሳቡ ገባህ? ከወጣህ አንድ ዓመት ካለፈ ያ በር ተዘጋ። ኡበር እየነዳሁ ቀስ ብዬ አስብበታለሁ ካልክ አለቀ።

ልምድህ ይቆጠራል አይቆጠርም የሚለውን የሚያየው የኤፍኤኤ ኢንስፔክተር ነው። ስለዚህ ለአብራሪዎች ብሪፊንግ ትሰጥ እንደነበር የሚያሳይ ደብዳቤ፣ ኢቫሎችህን (የሥራ ግምገማዎችህን)፣ የብቃት ማረጋገጫዎችህን እዚያው እያለህ ሰብስብ። ከወጣህ በኋላ አለቃህ ጃፓን፣ ዮኮሱካ ተዛውሮ ኢሜይልህን የሚያይበት ጊዜ የለውም።

እኔ መብቱ ቢኖረኝም ኮርሱን ገባሁ። አየሩን አውቃለሁ፣ የአውሮፕላን ክብደትና ሚዛን፣ የጥገና ገደብ፣ የደንብ ክምር ግን ሌላ ዓለም ነው። የአየር ሁኔታው ክፍል ሲደርስ ሁሉም ሲያልበው እኔ ቡናዬን እየጠጣሁ ነበር፣ አልዋሽህም።

ሥራው ላይ ልምዱ የሚታየው እንዲህ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ንጋት ላይ የምታርፍ አንዲት በረራ አለች። ደንቡ፣ ከምትደርስበት ሰዓት 1 ሰዓት በፊት ጀምሮ እስከ 1 ሰዓት በኋላ ባለው ጊዜ ደመናው ከ2000 ጫማ ወይም እይታው ከ3 ማይል በታች ይወርዳል የሚል ትንበያ ካለ አማራጭ ማረፊያ የግድ ነው ይላል። ታፉ (የአውሮፕላን ማረፊያው ትንበያ) ግን እይታ 6 ማይል ይላል፣ በወረቀት ደህና ነው። እኔ የማየው ሌላ ነው። ሙቀቱና የጤዛ ነጥቡ ሊገናኙ አንድ ዲግሪ ቀርቷቸዋል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ነፋሱ ሞቷል፣ ቀን ዝናብ ነበር። ጭጋግ ሊወርድ ነው። አማራጭ ጨመርኩ፣ ነዳጅ ጨመርኩ። ካፒቴኑ ደውሎ «ምንድነው ይሄ ሁሉ ነዳጅ?» አለ። ነገርኩት፣ እሺ አለ። ንጋት ላይ እይታው ሩብ ማይል ሆነ።

ደሞዙ በትንንሾቹ አየር መንገዶች ሲጀመር ያሳዝናል፣ ትልልቆቹ ጋ ገብተህ ስትቆይ ግን ስድስት አሃዝ ይደርሳል። ነጻ በረራም አለ፣ ወንበር ከተረፈ ማለት ነው። ለገና ሰሞን አዲስ አበባ እሄድበታለሁ ብለህ ለእናትህ ቃል እንዳትገባ።

ችግሩ ባለቤትህ ናት፣ አትቀየመኝና። ዲስፓቸር የሚሠራው የአየር መንገዱ መቆጣጠሪያ ማዕከል ባለበት ነው፣ ትልልቆቹ ደግሞ አትላንታ፣ ቺካጎ፣ ዳላስና ፎርት ወርዝ ናቸው። ሜሪላንድ ካለች ሌላው መንገድ፣ የሜትሮሎጂስቱ ዲግሪ፣ ይሻልሃል። ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የከባቢ አየርና የውቅያኖስ ሳይንስ ዲግሪ ይሰጣል። እዚያው ከተማ ውስጥ የውቅያኖስ ትንበያ ማዕከሉ አለ፣ ለአትላንቲክና ለፓስፊክ መርከቦች ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው። ለባሕር ኃይል ልጅ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ጂአይ ቢል፣ የቬተራኖች የትምህርት ድጎማ፣ 36 ወር ይከፍልሃል፣ የቤት ኪራዩ በትምህርት ቤቱ አካባቢ ዋጋ ስለሚሰላ ለዲሲ ዙሪያ ደህና ብር ነው። ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ከተማርክ ግን የአገሪቱን አማካይ ግማሽ ነው የሚሰጡህ፣ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ኮርስ በአካል ያዝ። ሁለት ዓመት ካልኩለስ እየታገሉ ልጅ ማሳደግ ቀላል እንዳይመስልህ።

ኖርፎክ ላይ አየሩን እያዩ ለመርከብ መስመር ሲመርጡ ከነበሩት መሃል ከሆንክ ደግሞ ለንግድ መርከቦች እንዲሁ መስመር የሚመርጡ ድርጅቶች አሉ፣ ስቶርምጂኦና ዌዘርኒውስን የመሳሰሉ። ሥራው ያው ነው፣ ማዕበሉን ማሳለፍና ነዳጅ መቆጠብ። ማስታወቂያው ላይ «ወይም ተመጣጣኝ ልምድ» የሚል ካየህ አታመንታ። ክሊራንስህም (ምስጢር የማየት ፈቃድህ) ከወጣህ በኋላ 24 ወር ያህል ሳይሞት ይቆያል፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ኮንትራክተሮች ዘንድ እሱ ብቻውን ዋጋ አለው።

ሪዙሜህ ላይ ኤጂ ብለህ አትተው፣ ማንም አያውቀውም። እናቴ እስካሁን ሥራዬን «ይዘንባል አይዘንብም ማለት» ነው የምትለው፣ ቀጣሪውም ከእሷ ብዙ አይሻልም። ትንበያህ ምን እንዳስወሰነ ጻፍ። በረራ ተሰርዟል? መርከብ ከወደብ ቀድሞ ወጥቷል? እሱን።

የቪኤ ማመልከቻህን ከመውጣትህ ከ180 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አስገባ፣ ጆሮህን አስመርምር። የመርከቡ ላይ ጩኸት ቀልድ አይደለም። ስኪልብሪጅ የሚባለውን የመውጫ ልምምድ ፕሮግራምም ጠይቅ፣ ደሞዝህን እየበላህ ሲቪል መሥሪያ ቤት ትለማመዳለህ። ጣሪያው 180 ቀን ነው፣ እንደ ማዕረግህ ያጥራል፣ አለቃህም መፍቀድ አለበት።

ሺፍቱን በተመለከተ አላታልልህም፣ አይቀርልህም። አየር ሁኔታ ፋሲካ አያከብርም። ዘመድ ጋ ልቅሶ ሲኖር እንቅልፍ ላይ ነህ፣ ሰርግ ሲኖር ሥራ ላይ ነህ፣ ባለቤትህ ይህን አሁኑኑ ትስማው።

65.57 ላይ ግራ የሚያጋባህ ነገር ካለ ኢንቦክስ ጻፍልኝ። ቀን ቀን ስለምተኛ ማታ ነው የምመልሰው።