ያለ መኪና ልጆች ማሳደግ ይቻላል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ከባለቤቴና ከሁለት ትንንሽ ልጆቻችን ጋር አዲስ አበባ፣ አያት ሰፈር አካባቢ እንኖራለን። ቁጠባችንን ለመኪና ሳይሆን ለልጆቹ ትምህርት ለማዋል ወስነናል፤ ዘመዶቻችን ግን «ልጅ ይዞ ያለ መኪና እንዴት ይኖራል?» እያሉ ያስጨንቁናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ውሳኔያችሁን እንደግፋለን፤ የሚያዛልቀው ግን ትምህርት ቤቱ በእግር የሚደረስበት ከሆነ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ስትመርጡ ከስሙ ይልቅ ርቀቱን አስቀድሙ፤ መንገዱንም ልጆቹ በሚሄዱበት ሰዓት ራሳችሁ ሄዳችሁ፣ አስፋልቱን የት እንደሚሻገሩና በክረምት ጭቃው የት ላይ እንደሚይዛቸው ተመልከቱ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከአያት በመገናኛ በኩል ጦር ኃይሎች የሚደርሰው ቀላል ባቡር ለእናንተ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ሕፃን አዝሎ መጋፋት ስለሚከብድ፣ የክትባትና የሐኪም ቀጠሮ ረፋድ ላይ ቢሆን ይመረጣል።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን የሌሊት ሕመም ነው። በውድቅት ሌሊት ስልክ የሚያነሳ የሰፈር ባለታክሲ ከአሁኑ ተዋወቁ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 መሆኑን ለቤተሰቡ ሁሉ አስታውቁ፤ ለነዳጅና ለጥገና ይወጣ ከነበረው ገንዘብ ጥቂቱንም ለእንዲህ ያለው ሌሊት ለብቻው አስቀምጡ። ለዘመዶቻችሁ ይህን ዝግጅታችሁን ብትነግሯቸው ይበቃል።