ከፓምፕ ሻጭነት ወደ ኃላፊነት፦ ጥያቄና መልስ

ጎንደር ውስጥ ለ11 ዓመት የውሃ ፓምፕና የሶላር ዕቃ ሸጫለሁ። ላለፉት 4 ዓመታት ደግሞ የ6 ሻጮች ኃላፊ ነኝ። ወደዚሁ መንገድ የምትገቡ ብዙዎች ጠይቃችሁኛል፤ እነሆ መልሴ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ በሽያጭ ከቢሯችን አንደኛ ነኝ። አሁን ኃላፊ ሁን ተብያለሁ። ከምን ልጀምር?

ዝም ማለትን ከመልመድ ጀምር ወንድሜ። እኔን ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው።

በተሾምኩ በመጀመሪያው ወር ከአንድ ልጅ ጋር ደምቢያ ወረድን። ገበሬው ውሃው 9 ሜትር ላይ ነው አሉን። ልጁ ከላይ ተቀምጦ የሚስበውን የቤንዚን ፓምፕ ካታሎግ ገለጠ። እንዲህ ያለ ፓምፕ ውሃ የሚስበው በአየር ግፊት ነው። በባሕር ወለል ላይ እንኳ በስሌት ከ10 ሜትር ብዙም አያልፍም። በእኛ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ስሌቱ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፤ በተግባር 6 ሜትር ከሳበ ጎበዝ ነው። 9 ሜትር የማይታሰብ ነው።

እኔ ዘልዬ ገባሁ። «ይሄ አይሆንም፣ ለእርስዎ ውሃው ውስጥ የሚጠልቀው ነው» አልኩና ሽያጩን ጨረስኩት። ዕቃው ተሸጠ። የልጁ ፊት ግን ጠቆረ። ገበሬው እስከ ዛሬ የሚደውሉት ለእኔ ነው፤ ለእሱ አንድ ቀን ደውለው አያውቁም።

አሁን ቢሆን «አባባ፣ ውሃው ስንት ሜትር ላይ ነው ያሉን?» ብዬ ልጁ እየሰማ ደግሜ እጠይቃለሁ። ቁጥሩን ሲሰማ ይነቃል። ካልነቃም «ስሌቱን ሠርተን ነገ እንደውላለን» ብለን እንወጣለን። የቀረውን መኪና ውስጥ እነግረዋለሁ።

ጥያቄ፦ ኮሚሽኔስ?

ደብዳቤውን ሳትፈርም ተነጋገር። ያለፉትን 12 ወራት ኮሚሽን ደምረህ ለ12 አካፍል። የበጋውን ብቻ አትይ፤ ክረምት ሲገባ የፓምፕ ገበያ ይቀዘቅዛል። የደሞዝ ጭማሪው ከዚያ ካነሰ ከቡድኑ ሽያጭ ድርሻ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ በሕግ በኩል የሚለወጥ ነገር አለ?

አለ፤ ብዙ ሰውም ልብ አይለውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 «የሥራ መሪ»ን አይሸፍንም። ኃላፊ መባል ብቻውን የሥራ መሪ አያደርግም። ወሳኙ የተሰጠህ ሥልጣን ነው፦ መቅጠር፣ ማዛወር፣ ማገድ፣ ማሰናበት። እነዚህ በእጅህ ከገቡ፣ ክርክር ሲነሳ የሚታየው ውልህና የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ስለዚህ የዓመት ፈቃድ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜና የስንብት ክፍያ ውሉ ላይ ይስፈሩ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አብረን ቡና የምንጠጣ ጓደኞቼን እንዴት ልዘዝ? አንዱን እንዲያውም ጋሼ ነው የምለው።

ጋሼ ማለትሽን አትተዪ እህቴ፣ ቡናውንም። የሚያጣላው ደንበኛ ነው። መተማ መስመርን ማን ይይዛል? የአንቺ የነበሩት ደንበኞች ለማን ይሄዳሉ? በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሁሉም ባሉበት፣ በወረቀት አከፋፍዪ። እኔ ሦስቱን ጥሩ ደንበኞቼን ለራሴ አስቀርቼ ነበር። ለወራት ማንም በቅን ልብ አላየኝም፤ እውነት ነበራቸው።

ጥያቄ፦ ካልሆነልኝ ወደ ሽያጭ መመለስ ነውር ነው?

በፍጹም። ከልጆቻችን አንዱ ሞክሮት በ5 ወሩ ተመለሰ። ዛሬ ትልልቁን የሶላር ሥራ የሚይዘው እሱ ነው። ሲሾም ግን «ካልተመቸኝ ወደ ቀድሞ ቦታዬ እመለሳለሁ» የሚል ወረቀት አስፈርሞ ነበር። አንተም አስፈርም።